የተልባ አበባ ቀለም የቀባሁት ብስክሌት

«ጥቁር ምን አደረገሽ?» አለኝ ቀለም ቀቢው። «አዲስ ነው፤ አንዲት ጭረት የለችበትም። የፋብሪካ ቀለም እኔ ከምቀባው ይበልጣል፤ ወላሂ፣ ተይው!»

«ሰማያዊ ይቀቡልኝ፣ ጋሼ» አልኩት።

ሰውየው ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር የቆርቆሮ ሱቅ ያለው ሽማግሌ ነጋዴ ነበር። ፋኖስ ይበይዳል፣ ማንቆርቆሪያ ይደፍናል፣ ብስክሌት የተበላሸበትም ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ብስክሌቴን ገልብጦ አቁሞ፣ ጎማዋን አሽከርክሮ፣ ብረቷን በእጁ ጀርባ እየዳበሰ «ያሳዝናል እኮ» አለኝ እንደገና። እውነቱን ነው፣ ቆንጆ ነበረች። ከደብረ ታቦር በጭነት መኪና አሳፍሬ ያመጣኋት፣ ወፍራም ጎማ ያላት፣ ለጋይንት ዳገት የተሠራች የምትመስል ብስክሌት። ያን ጊዜ አስተማሪ ነበርኩ፤ ለራሴ ሌላ ነገር ገዝቼ አላውቅም።

ቀለሟን በተመለከተ ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን «እናትሽ ከል ለብሳ አንቺ በሰማያዊ ስትንሸራሸሪ ሰው ምን ይላል? ጥቁሩን ምን አጎደለሽ?» አለችኝ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀይ ቀቢያት፣ እትዬ። ጊዜው የቀይ ነው። ቀይ የቀባ ማንም አይነካውም» አለኝ። ሁለቱም ለእኔው አስበው ነው። እኔ ግን ቀለም የምመርጠው እንዲያምርብኝ አልነበረም። ለአንድ ሰው ዓይን ነበር የምመርጠው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዓይን ውስጥ እንደ ጉድፍ ገብታ እንድትቆረቁረው ነው የፈለግሁት። ይኸው ነው፤ ምን አደባብሰዋለሁ!

ወንድሜ አናጢ ነበር። የከተማው ግማሽ በርና መስኮት የእጁ ሥራ ነው። ብስክሌት ነበረችው፤ አሮጌ፣ እየተንቋቋች የምትሄድ። ከበርና መስኮት የተረፈውን ቀለም ሰማያዊውን ከነጩ በጥብጦ ራሱ ቀባት። መስከረም ጥቅምት ላይ የተልባ ማሳ ሲያብብ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ልክ ያንን ነበር የምትመስለው። ቻይኖች በሠሩት አውራ ጎዳና ላይ መጋዙን ከኋላው አስሮ ሲነዳት ሰዉ «ፈረሰኛው መጣ!» ይለው ነበር። ፈረሱ ነበረች። እናቴ እንኳ «ፈረስህን አስገባት፣ ዝናብ መጣ» ነበር የምትለው።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚለየው ቀበሌው ነው፤ ቀበሌው ማለት ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው። የእናቴ አንድ ወንድ ልጅ ተጠራ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደው፣ አብሮት ጠጠር ሲጫወት ያደገው የሊቀመንበሩ ታናሽ ወንድም ግን አልተጠራም። «እግሩን ያመዋል» ተባለ። እግሩን የሚያመው ልጅ ጥምቀት ላይ ከማንም በላይ ሲዘል አገር አይቶታል!

ወንድሜ በሄደ ሳምንት ሊቀመንበሩ ራሱ ቤታችን መጣ። «ባለቤቱ እስኪመለስ ይህች ብስክሌት ለቀበሌው ሥራ ታገለግላለች» አለና ይዟት ወጣ። እናቴ ቡና ቤት እንኳ ያልገባ ልጇን ሸኝታ ገና እንባዋ አልደረቀም። ብዙም ሳይቆይ ቀይ ቀብቷት ብቅ አለ። ምን የቀበሌ ሥራ እንደነበረው እንጃ፤ እኔ እስከማየው ድረስ ከጠላ ቤት ጠላ ቤት ነበር የሚዞርባት። በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ ደወሏን ያንቃጭላታል፤ እኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ድምፁን እለየዋለሁ። የወንድሜ ደወል እኮ ነው! ጠመኔው በእጄ ውስጥ ይሰበራል።

ቀጥሎ መርዶው መጣ። ከሰሜን ቆስሎ የተመለሰ ጓደኛው ነው ያረዳን። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ።

በእኛ አገር ሬሳ ከሌለ የሟቹ ዕቃ ወጥቶ ይለቀስበታል። ፈረስ ያለው ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋቢው ኮርቻው ላይ ተጥሎ ለቅሶው መሀል ይዞራል። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃው ይወጣል። ይህ ያልተደረገለት ሰው እንዳልኖረ ይቆጠራል። እናቴ ከሏን ለብሳ፣ በዘመድ ተደግፋ ቀበሌ ሄደች። እኔም ከኋላዋ ነበርኩ። «ጌታዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ልጄን ላልቅስባትና በማግስቱ እመልሳታለሁ» አለችው። የገዛ ልጇን ዕቃ! ታናሽ ወንድሙ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሊቀመንበሩ ከወንበሩ አልተነሣም። ቀና ብሎም በደንብ አላያትም።

«የሕዝብ ንብረት ለለቅሶ አይወጣም» አላት።

ወንድሜ በመጋዙና በመላጊያው ተለቀሰለት። አጎቴ መጋዙን ከፍ አድርጎ ይዞ ሲዞር አንዳንዱ ሰው የሚያደርገው ጠፍቶት መሬት መሬት ያይ ነበር። ሊቀመንበሩም ለቅሶ አይቀርምና መጣ። በምን መጣ? በእሷ! ቀዩዋን ብስክሌት የእኛው አጥር ላይ አስደግፎ፣ ገብቶ ተቀምጦ፣ ንፍሮውን ዘግኖ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎን ወጣ። ያን ቀን እርር ድብን አልኩ። ወንድሜን የገደለው ጥይት ከማን እንደተተኮሰ አላውቅም፤ እሱን ሊቀመንበሩን ግን አውቀዋለሁ። ሰዉ ከኋላችን «ምን ያድርጉ፣ ወንድ የሌለበት ቤት ነው፤ ማን ይበቀልላቸው» ሲል ሰማሁ። ቆይ ብቻ፣ አልኩ በሆዴ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሐሳቤ ይህ ነበር። ከስማዳና ከእስቴ ያሉት ዘመዶቻችን መርዶው ሲሰማ አልደረሱም፤ ለሙት ዓመቱ ሊመጡ ቃል ገብተዋል፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ይታደሳል። ያን ቀን የወንድሜ ፈረስ በራሷ ቀለም ለቅሶው መሀል ትገባለች። ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር እኔ እነሣና ዓመቱን ሙሉ በሆዴ ሳመላልሰው የከረምኩትን ሙሾ ሊቀመንበሩ ፊት ቆሜ አወርድበታለሁ፦

«ሰማያዊ ፈረስ ነበረው ወንድሜ፣
ቀይ ቀብቶ ጋለበው እያየሁት ቆሜ።»

ለቅሶ ላይ በወጣ ሙሾ ሰው አይታሰርም። ቢታሰርም ይታሰር! ስድቡ ከእሱ አልፎ ልጅ ልጁ ድረስ ይደርሳል።

ስለዚህ ቀለሟ የወንድሜ ቀለም ራሱ መሆን ነበረበት። ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ነጩንና ሰማያዊውን በአሮጌ የዘይት ጣሳ በጠበጠ። «ይህ ነው?» ይለኛል። «አይደለም» እለዋለሁ። ነጭ ይጨምራል። «አሁንስ?» «አይደለም።» መጨረሻ ላይ ጣሳውን አስቀምጦ «እታለም፣ እኔ ሆድሽ ውስጥ ገብቼ አላየሁት! የሚመስለውን አምጪና አሳዪኝ» አለኝ። በማግስቱ በጠዋት ከከተማው ወጣ ብዬ ከሰው ማሳ የተልባ አበባ ቀጠፍኩ። ተልባ ግን ጠዋት አብቦ ረፋድ ላይ የሚረግፍ ነገር ነው፤ ገበያው ዳር ስደርስ እጄ ላይ የቀረው ግንዱ ብቻ ነበር። በሌላው ቀን ከነሥሩ ነቅዬ፣ በጣሳ ውሃ ተክዬ፣ በነጠላዬ ከልዬ እየሮጥኩ አመጣሁለት። ሽማግሌው አበባውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መበጥበጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ነገሩ የገባው ይመስለኛል። ቀብቶ ሲጨርስ ለድካሙ ምንም አልቀበልም አለኝ። «ወንድምሽ የሱቄን በር የሠራ ሰው ነው» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ብስክሌቷን እናቴ እንዳታይብኝ ጓሮ ሸሽጌ አቆየኋት። ኅዳር ላይ ሙት ዓመቱ ደረሰ። ዘመድ ከስማዳ ገደሉን ወጥቶ፣ ከእስቴ ሁለት ቀን ተጉዞ መጣ። ከጋይንቱ ቤተ ልሔም ገዳም አንድ የእናቴ አጎት፣ ሽበታቸው ደረታቸው ላይ የወረደ መሪጌታ፣ በበቅሎ መጡ። ዳሱ ሞላ። ሊቀመንበሩም መጣ፣ ከነታናሽ ወንድሙ። ቀዩዋን ብስክሌት ያን ቀን ለምን ሳይነዳት እንደመጣ አላውቅም፤ ጎማዋ ተንፍሶ ነው አሉ። መሪጌታው አጠገብ የክብር ቦታ ላይ ተቀመጠ።

አጎቴ ብስክሌቷን ከጓሮ አወጣት። የወንድሜ ጋቢ ኮርቻዋ ላይ ተጥሏል፣ መጋዙ ከኋላ ታስሯል። ለቅሶው መሀል ስትገባ ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ። እኔም ተነሣሁ። ሙሾው ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። ሊቀመንበሩን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ደግ! አልኩ።

አፌን ሳልከፍት ከእስቴ የመጣች አንዲት አክስቴ «እሰይ! ፈረሱን መለሱለት!» ብላ ጮኸች። የሩቅ ዘመዶቻችን ብስክሌቷ ተወስዳ እንደነበር በወሬ ሰምተዋል፤ እኔ አዲስ መግዛቴን ግን አልሰሙም። «መለሰላቸው! መለሰላቸው!» ከወዲያ ወዲህ ተቀባበሉት። መሪጌታው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው «አንተ ነህ የመለስክላቸው? አበጀህ፣ ልጄ!» አሉት።

«አይደለም!» ልል ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን አንድ እጅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። እናቴ ነበረች። እኔን ወደ ኋላ ገፍታ፣ በሕዝቡ መሀል አልፋ፣ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመች። ከዚያ ዓይኔ የማያምነውን አየሁ። ትከሻውን ሳመችው! «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለችው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። «የልጄን ፈረስ መለስክልኝ። አባታችን፣ ይመርቁልኝ!»

መሪጌታው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሕዝቡ ሁሉ ተነሣ። እጃቸውን በሊቀመንበሩ ላይ ዘርግተው መረቁት፦ የሰው ሐቅ የማይበላ ያድርግህ፣ የወሰድከውን እንደመለስክ የወጣኸውን ዳገት በሰላም የምትወርድ ያድርግህ፣ ይህን ያጠፈ ምርቃቱ መርገም ይሁንበት አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ሊቀመንበሩ ምን ይበል? «እኔ አልመለስኩም፣ ያችኛዋ ቀይ ሆና ቤቴ አለች» ይበል? ቀና ብሎ ዙሪያውን አየና «አሜን» አለ።

እኔ ዳሱን ለቅቄ ወጣሁ። እናቴን በእውነት ጠላኋት። ዓመት የሸመንኩትን በአንድ አፍታ ተረተረችው፤ ለሌባው ምርቃት አስወጣችለት! ሁለት ሳምንት ያህል ከእህል ውሃ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። እሷ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ጥጧን ትፈትላለች።

በገበያ ቀን ሊቀመንበሩን በእግሩ ሲሄድ አየሁት። እንዲሁ ነው ብዬ አለፍኩ። በሚቀጥለውም በእግሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቀዩዋን አውጥቶ ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ብቅ ማለቱን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እየሳቀ ነገረኝ። ገና ከከተማው ሳይወጣ አንዲት ጠላ ሻጭ ወገቧን ይዛ «ውይ ጓድ ሊቀመንበር! ያችን መልሰው ይህችን ከየት አመጧት? ምርቃቱ ፍሬ ሰጠ ማለት ነው?» አለችው። የከተማው ሰው እኔ አዲስ መግዛቴን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሊቀመንበሩ ብስክሌቷን ወደ ቤቱ መልሶ ገፋት። ከዚያ ወዲያ በአደባባይ ነድቷት አያውቅም።

እኔ ግን የእኔን ነዳኋት! ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ማታ ስመለስ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስስም። ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ ካገኘሁት ከኋላው ቀረብ ብዬ ደወሌን አንቃጭላለሁ። ደንግጦ ወደ ዳር ይወጣል። «እንደምን አደሩ፣ ጓድ ሊቀመንበር!» ብዬ አልፈዋለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አንዴ ስብሰባ ላይ አልቻለም፤ ፈነዳ። «አንዳንድ መምህራን ከአብዮቱ ቀለም ውጭ የሆነ ቀለም እየቀቡ...» ብሎ ጀመረ። ተነሣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ የመለሱልን ብስክሌት እኮ ናት። ያኔ ቀለሟ ደስ ብሎዎት አይደል የተመረቁት?» አልኩት። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያፈነ አስመስሎ ሳቀ፤ ከዚያ ሳሉ አዳራሹን አዳረሰው። ሊቀመንበሩ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ያን ቀን ቤት ገብቼ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ አንቺም እንደ አክስቴ የመለሰልን መስሎሽ ነበር?» አልኳት። እንዝርቷን አላቆመችም።

«የልጄ ተልባ ነበረች። ያንቺ ጠቁራለች» አለችኝ። «ከጓሮ ሳትወጣ አውቄያታለሁ።»

ወጥቼ አየኋት። እውነቷን ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ጠቁሮ ነበር፤ ያን ሁሉ ተልባ ነቅዬ፣ ያን ሁሉ ሮጬ፣ እኔ አላየሁትም።

«ታዲያ ለምን መረቅሽው?»

«ብትሰድቢው ተሰድቤ አልቀርም ብሎ ያስርሽ ነበር፤ ብስክሌቷንም እየነዳት ይኖራል። የተመረቀ ሰው ግን የት ያመልጣል? አሜን ያለው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አንቺ ችኩል ነሽ፤ በአባትሽ ወጥተሽ።»

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ሳይወድቅ፣ ሊቀመንበሩ ጉበቱን ታመመ። ባሕር ዳር ወስደውት እዚያው ሞተ፤ መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ቀበሩት። ሬሳው አልመጣም። ለቅሶው በዕቃው ሊሆን ነው።

ያ «እግሩን ያመዋል» የተባለው ታናሽ ወንድሙ አንድ ቄስ አስከትሎ ቤታችን መጣ። ጎልምሷል፣ ሆዱ ወጣ ብሏል፤ ወንድሜም ቢኖር ይህን ያክል ነበር። ራሱን ተላጭቶ፣ ጋቢውን አደግድጎ ቆመ። ቀዩዋን ማውጣት አይችሉም፤ ሊቀመንበሩ መለሳት ተብሎ በአደባባይ የተመረቀባት ብስክሌት ከገዛ ቤቱ ብትወጣ ለሙት ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? ሌላ የሚወጣ ዕቃ ደግሞ የለውም፤ ሰዉ የሚያውቀው በብስክሌቷ ነው።

«እህቴ» አለኝ፣ «ለአንድ ቀን ብቻ ሰማያዊዋን ብትሰጪን። በማግስቱ እመልሳታለሁ።»

ቄሱ «ለሙት አይጨከንም፣ ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ። እናቴን ዞሬ አየኋት። ሹሩባዋን እየሸፈነች ለለቅሶ ትዘጋጃለች። ብስክሌቷ ግድግዳው ላይ ተደግፋ በመሀላችን ነበረች። የሊቀመንበሩን ወንድም ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«የሕዝብ ንብረት ለለቅሶ አይወጣም» አልኩት።

ቃሉን አወቀው። እናቴ ስትለምን በወንድሙ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔም አስታውሰዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣ ቄሱም ተከተሉት።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ሄድን፤ ለቅሶ አይቀርም። እናቴ በእግሯ፣ እኔ በብስክሌቴ። አጥራቸው ላይ አስደገፍኳትና ገብቼ ተቀመጥኩ። ለቅሶው መሀል የሚዞር ነገር ስላልነበረ ሰዉ የሚያየው ቢያጣ ወደ አጥሩ ያይ ነበር። እናቴ እንደ ደንቡ አለቀሰችለት። እኔ ንፍሮዬን ዘግኜ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ወጣሁ።